ከእንቁላል ቅርፊት ኖራ

የባሕር ዛጎልና የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው የአንድ ማዕድን፣ የካልሲየም ካርቦኔት ውጤት ናቸው። ባሕር ያላቸው አገሮች ከምግብ የተረፈውን ዛጎል ፈጭተው ለዶሮ መኖና ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ ይጠቀሙበታል። ደሴና ኮምቦልቻ ባሕር የላቸውም፤ ኬክ ቤቶችና ምግብ ቤቶች የሚጥሉት የእንቁላል ቅርፊት ግን ያንኑ ማዕድን ይዟል። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያለባት ከተማ መሆኗም ቅርፊቱን ከአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ያመቻል።

ከደረቅ ቅርፊት 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱ ታጥቦ ይቀቀላል፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚሞተው በሙቀት ነውና ይህ እርምጃ አይዘለልም። ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። ዱቄቱ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ኖራ ይቀራል፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 56 ኪሎ ገደማ ኖራ ይሰጣል። ይህ ኖራ ውኃ ሲነካው እጅግ ስለሚግል ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ከኖራው፣ ፎስፎሪክ አሲድ ተጨምሮበት፣ የአጥንትና የጥርስ ዋና ማዕድን የሆነውን ሃይድሮክሲአፓታይት መሥራትም ይቻላል፤ ይህ ግን የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

ማቃጠል ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ለመኖና ለአፈር መፍጨት ብቻ ስለሚበቃ፣ ለሁለቱ ከተሞች የሚያዋጣው ወፍጮው ነው።