ጌም ከመጫወት ጌም ወደ መሥራት



እዚህ አሶሳ ከአስር ሶላት በኋላ ልጆች ምን እንደሚሠሩ ወላጆችን ብንጠይቅ ብዙዎች «ስልክ ላይ ተደፍተው ጌም ይጫወታሉ» ይሉናል። ወላጅ ተቆጥቶ ስልኩን ይቀማል፤ ልጁ ደግሞ ጎረቤት ሄዶ ይጫወታል። እኛ መምህራንም ለረጅም ጊዜ «ተው!» ከማለት ያለፈ መላ አልነበረንም።

አንድ ጥያቄ ግን ረስተናል፤ ይህን ጌም ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው? ጌም የሚጫወት ልጅ የሌላው ደንበኛ ነው። ጌም የሚሠራ ልጅ ግን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሆኗል።

ገበጣን እንውሰድ። ዐረቦች «መንቀላ» የሚሉት «አዘዋወረ» ከሚለው ቃል ነው። 12 ጉድጓድ አለን፤ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣውን እጁ ባዶ እስኪሆን አንድ አንድ ያድላል። ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን «ድግግሞሽ» ይሉታል። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ካልሆነ ጉድጓድ ከገባ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ከሆነ ተራው ያልፋል። ይህ ደግሞ «ቅድመ ሁኔታ» ነው። ልጁ ሕጉን በወረቀት ላይ በተራ ሲጽፍ፣ ኮምፒውተር ሳይነካ ፕሮግራም ጻፈ ማለት ነው። የተበላው ሁሉ ሲደመር ጠጠሩ ምንጊዜም 48 መሆን አለበት። 47 ከመጣ ስህተት አለ፤ ፈልጎ ያርመዋል። ይህ ሒሳብን የመተሳሰብና የአማና ትምህርትም ነው።

ኮምፒውተር ሲገኝ «ስክራች» የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን በአማርኛም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በአገራችንም አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ «ኩኩሉ» ብሎ የስልክ ጌም አድርጎታል፤ ገበጣንም ሠርቷል።

ይህ ጥበብ ለሙስሊም ልጅ ባዕድ አይደለም። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ ከኖረው ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው።

ድንበሩን ግን አንርሳ። ገንዘብ የሚወራረዱበት ጨዋታ ቁማር ነው፤ ሐራም ነው። ጌም መሥራትም ቢሆን ሶላትን ካሳለፈና ቁርኣን መቅራትን ካስተወ ጥፋት ነው።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ማታ ስልኩን ከመቀማታችን በፊት ከወንዱም ከሴቷም ልጃችን አጠገብ እንቀመጥና «የዚህ ጨዋታ ሕግ ምንድን ነው? ጻፈው፤ ጻፊው» እንበላቸው። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል ኢንሻ አላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።