ዝናቡ የፈጣሪ፣ ጎርፉ የጎረቤት!

ጎበዝ፣ እስቲ የፍቅሩንና የፋሽኑን ወሬ ለአንድ ሳምንት ገታ አድርገን ስለ ቦይ እናውራ። «ደግሞ ስለ ቦይ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ! እንጅባራና ዳንግላ ላይ ክረምት ሲገባ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ አከራይን ከተከራይ የሚያኳርፈው ሐሜትና ቅናት ብቻ አይደለም። ውሃም ነው።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ ላጫውታችሁ፤ ስም አልጠራም። ዳንግላ ውስጥ አንዲት ወጣት ከዘመድ ተበድራ ተዳፋት መንገድ ዳር ትንሽ የፀጉር ቤት ትከፍታለች። ከእሷ ከፍ ብሎ የሚኖር፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ጎረቤቷ ደግሞ ለበሩ መሻገሪያ ብሎ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል። ሐምሌ ገባ። መውረጃ ያጣው ጎርፍ ታጥፎ ከእሷ ቤት ገባ። ካስኩም ፍራሹም በጭቃ ተለወሰ።

ሄዳ ብታናግረው «ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት!» አላት።

«ጋሼ፣ ዝናቡንስ ያዘነበው ፈጣሪ ነው፤ መንገዱን የዘጉት ግን እርስዎ ነዎት» አለችው።

«ልክሰሰው ወይስ ቤቱን ልልቀቅ?» ብላ አማከረችኝ። እኔም ሁለቱንም ከማድረግሽ በፊት ሽማግሌ ላኪ፣ ከዚያ ቀበሌ ሂጂ አልኳት። ሽማግሌ ገባበት። ድንጋይና አፈሩ ተነስቶ በምትኩ የሚነሳ የኮንክሪት ክዳን ተደረገበት። ቦዩ ተከፈተ፣ ሰላምታውም ተመለሰ። ብድሩ ግን እስካሁን አላለቀም!

መቼም ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። የአዊ ደጋ ዝናብ ቀላል አይደለም፤ በዓመት በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ አብዛኛውም ክረምት ላይ ነው የሚወርደው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 60 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 9 ጊዜ ይሞላል! ያውም ከአንድ ቤት ብቻ። ሣር የለበሰ ሜዳ ከዚህ ብዙውን ይጠጣው ነበር። ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ግን አይጠጡም፤ ለታች ሰፈር ያቀብላሉ። ለዚህ ነው ዝናቡ ሳይጨምር ከተማው ሲያድግ ጎርፉ የሚጨምረው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አጥታለች። አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተውባታል።

ሌላው ጣጣ ቆሻሻው ነው። አንዳንድ ሰው ዝናብ ሲመጣ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። «ጎርፉ ይወስድልኛል» ባይ ነው። አዎ፣ ይወስደዋል… ግን ወዴት? ከታች ልብስ ወደምታጥበው ልጅ፣ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ! የዳንግላ አካባቢ ውሃ ግልገል አባይን ተቀላቅሎ ጣና ነው የሚገባው። ታይፎይድና ተቅማጥ አድራሻ አይመርጡም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካኖች ድሮ በካይ የሚሉት በዋናነት የፋብሪካ ቱቦንና የከተማን የሽንት ቤት ፍሳሽ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ሕጋቸውን አሻሻሉና ከከተማ ቦይ የሚወጣውም የዝናብ ውሃ በፈቃድ ይሁን አሉ። በ1990 በወጣው ደንብ ከ100,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ተጠየቁ፣ በ1999 ደግሞ ለአነስተኞቹም ተራው ደረሰ። ከተማው ሕዝቡን ማስተማር፣ በስውር የሚለቀቅ ፍሳሽን ማደን፣ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበውን አፈር መቆጣጠር አለበት።

የእኛም አገር ሕግ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፣ የከተማ አስተዳደሮችም ቆሻሻ በአግባቡ እንዲሰበሰብና እንዲወገድ ማድረግ አለባቸው ይላል። ቦይ የሚደፍነውን ፌስታል በተመለከተም በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ግን አዋጅ ብቻውን አካፋ አይይዝም!

ስለዚህ ወጣቶች፣ ይቺን ምክር ያዙልኝ፦

ቤት ስትከራዩ የግድግዳውን ቀለም ብቻ አትዩ። ግድግዳው ሥር የጎርፍ ምልክት አለ ወይ? ቦዩስ ወዴት ይወርዳል? ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ቦይ የሚጠረገው በግንቦት እንጂ በሐምሌ አይደለም። ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ! የጠረጋችሁትን ደለል ግን ዳር ላይ አትከምሩት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

መሻገሪያ ስትሠሩ ውሃው የሚያልፍበት ሰፊ ቱቦ ወይም የሚነሳ ክዳን አድርጉ። ክፍት ቦይ ለሕፃንም፣ ማታ ለሚገባ ሰውም ወጥመድ ነው።

አሸንዳ ግጠሙና በርሜል አስቀምጡ። ለልብስና ለቤት ማጠቢያ የሚሆን ውሃ በነፃ አገኛችሁ፣ ጎርፉም ቀነሰ። በርሜሉን መክደን እንዳትረሱ፣ ትንኝ ይራባበታል።

ቦዩ በአንድ ቤት አቅም የማይቻል ከሆነ ደግሞ የመንደሩን ሰው አሰባስባችሁ፣ ፊርማ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። አንድ ሰው ሲጮኽ «ጭቅጭቅ» ይባላል፤ ሰፈሩ ሲጮኽ ግን «ጥያቄ» ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ከላይ ያላችሁት ለታቹ አስቡ። ከታች ያላችሁት ደግሞ ተናገሩ እንጂ አትቀየሙ፤ ከእናንተም በታች ሌላ ሰው አለና!

በቸር ይግጠመን።