የቁራ ጫጩቶች ወራት

ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት እንደሚባል፣ ዝናምም በዚሁ ወራት እንደሚጠና የማያውቅ ስለሌለ፣ በዚህ ላይ ቃል አላበዛም። ነገር ግን በከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን ክረምትን የገበሬው የዕረፍት ወራት አድርገን፣ እርሱንም በሩን ዘግቶ እሳት ዳር ቆሎ የሚቈረጥም አድርገን የምናስበው አሳብ ፈጽሞ ስሕተት ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ክረምትን እንደ አንድ ወጥ ዝናም አላዩትም። እስከ ሐምሌ 18 ያለውን ዘርእና ደመና አሉት፤ እስከ ነሐሴ 9 ያለውን በመብረቅና በነጐድጓድ፣ በባሕርና በአፍላግ ጠሩት፤ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለውን ግን ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ብለው ሰየሙት። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ እኔ የምወደው ዕጓለ ቋዓት፣ ማለት የቁራ ጫጩቶች የሚለውን ነው። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት፣ የቁራ ጫጩት ከዕንቍላሉ ሲወጣ መልኩ ወላጆቹን ስለማይመስል ትተውት ይሸሻሉ፤ እርሱም አፉን ከፍቶ ወደ ፈጣሪው ሲጮኽ ጥቃቅን ተሐዋስያን ወደ አፉ እየገቡ ምግብ ይሆኑታል።

ይህ ስም ለሰማይ ወፍ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የገበሬውም ቤት በእነዚህ ቀኖች እንዲሁ ነው። በታኅሣሥና በጥር የተወቃው እህል ከጎተራው አልቋል፤ አዲሱ ገና ቅጠል ነው፤ ሥራው ግን የሚከብደው በዚሁ ጊዜ ነው። መሬቱ ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሠልሶ በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ከአረሙ ጋር አብሮ ስለሚበቅል፣ ቡቃያውም ሣር ስለሚመስል፣ አባትና እናት ከነልጆቻቸው ጭቃ ውስጥ ጐንበስ ብለው አንድ በአንድ እየለዩ ሲነቅሉ ይውላሉ። መንገዱ ጨቀየ ብለው በዚህ ቡቃያ መካከል የሚያቋርጡ መንገደኞች የማንን ድካም እንደሚረግጡ ቢያስቡ መልካም ነበር።

በልጅነቴ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት በጎጃም፣ በቢቸና አውራጃ፣ ወደ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። የቀረበልኝ ጎመንና አንድ ዋንጫ ወተት ነበረ፤ ከምሰሶው ላይ ግን አንድ ስልቻ ሽምብራ ተንጠልጥሎ ስላየሁ፣ «እትዬ፣ ይህ ለምን አይቈላም?» አልኋት።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ዘር ነው» አለችኝ፤ «ጥቍሩ መሬት ውኃው ሲመጠጥለት ይገባል። ዘሩን የበላ ቤት ለከርሞ ምን ይዘራል?»

እውነት ነው፤ የዋልካ መሬት ሽምብራ የሚዘራው ዝናሙ ሊያበቃ ሲል፣ አፈሩ ባስቀረው ርጥበት ነው። እንግዲህ ያ ስልቻ ከተራቡ ልጆች ራስ በላይ ክረምቱን ሁሉ ተንጠልጥሎ ይከርማል ማለት ነው። የቁራ ጫጩት አፉን ይከፍታል እንጂ የሚያኖረው የለውም፤ ገበሬው ግን እየራበው ያኖራል፤ ስለዚህ ስሙን ከወፉ ቢዋስም በትዕግሥቱ ይበልጠዋል።

ነሐሴ 28 ሲብት የዘመኑ ስም ወደ ጎሕና ጽባሕ ይለወጣል፤ የገብሱ እሸትም ይደርሳል። እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ በነሐሴ ወደ ገበሬ ቤት የምትሄድ ብትሆን ባዶ እጅህን አትሂድ።