ስድሳዎቹ ቀናት የሚቆጠሩት ከየት ነው?

በአሜሪካ ኤች ዋን ቢ በተባለው የሥራ ቪዛ የሚኖር ሰው ከሥራ ሲሰናበት መጀመሪያ የሚያየው ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ ነው። ቀኑ ካላለፈ ይረጋጋል፤ ካለፈ ይደነግጣል። መረጋጋቱም መደንገጡም ያለ ቦታው ነው። ተለጣፊው ቪዛ ድንበር ላይ ቀርቦ ለመግባት የሚያስጠይቅ ወረቀት ነው። ከገቡ በኋላ በሕግ የሚያስቀምጠው አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብና ማመልከቻ ባስገባው አሠሪ ዘንድ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህም ቪዛው ካለፈበት በኋላ ሕጋዊ ሆኖ የሚሠራ ሰው አለ፤ ቪዛው ዓመት እየቀረው የመቆየት መብቱ ያበቃበትም አለ። ሥራ ሲቀር የሚቋረጠው ቆይታው እንጂ ቪዛው ላለመሆኑ አንድ ማስረጃ ይበቃል። ሠራተኛው አዲስ አሠሪ አግኝቶ ማመልከቻው ከጸደቀለት፣ በቀድሞው አሠሪ ስም የተሰጠው ያልተቃጠለ ቪዛ ከአዲሱ የማጽደቂያ ወረቀት ጋር ከውጭ ሲመለስ ያገለግለዋል።

ቆይታው ተቋርጦ በማግስቱ ሻንጣ ከማንሳት የሚያድነው የ60 ቀን እፎይታ ነው። ብዙዎች የሚያነሱት እያማረሩ ነው፤ ምስጋና የሚገባው ደንብ ግን ነው። ኤች ዋን ቢ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ እፎይታው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሰናበተ ሠራተኛ ደንቡ የሚያረጋግጥለት አንድም ቀን አልነበረም። ዛሬ የተባረረም በፈቃዱ የለቀቀም፣ አብረውት ያሉት ባለቤቱና ልጆቹም ይጠቀሙበታል። በእነዚህ ቀናት መሥራት አይቻልም።

ሰው የሚጎዳው በአቆጣጠሩ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ሥራው ባበቃበት ማግስት ነው፤ ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ደመወዝ በተከፈለበት የመጨረሻ ቀን ነው። «የሦስት ወር የስንብት ክፍያ ተሰጥቶኛል፣ ስለዚህ ገና ሠራተኛ ነኝ» የሚለው ሙግት አያዋጣም፤ ክፍያው መሸኛ ነው፣ ሥራውን አያስቀጥልም። ሌላው ሙግት የተሻለ መሠረት አለው። አሠሪው ስንብቱን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የማሳወቅና ሠራተኛውን ከጊዜው በፊት ካሰናበተ ወደ አገሩ የመመለሻ ተመጣጣኝ የጉዞ ወጪ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህን ሳያደርግ ከቀረ የደመወዝ ዕዳ ሊከተለው ይችላል። ከዚህ ተነስቶ «አሠሪዬ ገና ስላላሳወቀ ቆጠራው አልጀመረም» ማለት ግን ሁለት ሰዓቶችን ማምታታት ነው። አንደኛው የአሠሪውን ዕዳ ይለካል፤ ሌላው የሠራተኛውን ቆይታ። የአሠሪው መዘግየት ለሠራተኛው ቀን አይጨምርም። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። በሁለት ወር የሚያሰላ ሰውም ይጠንቀቅ፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ካልገባች ሁለት ወር ልክ 60 ቀን ነው፣ በፈረንጆቹ ግን እንደ ወሩ ይለያያል። ጁን 30 ሥራው ያበቃ ሰው ስድሳኛ ቀኑ ኦገስት 29 ነው፤ ኦገስት 31 ብሎ የያዘ ሁለት ቀን አልፎበታል። በእኛው ከቆጠረ ከሰኔ 23 እስከ ነሐሴ 23 ስለሚሆን አይሳሳትም። ደንቡ ደግሞ «እስከ 60 ቀን» ነው የሚለው። አይ-94ቱ በሃያኛው ቀን የሚያልቅ ከሆነ እፎይታውም እዚያው ያልቃል፤ መሥሪያ ቤቱም ሊያሳጥረው ሥልጣን አለው።

«ስድሳ ቀን ለምን ይበቃል? ሥራ ማግኘት ወራት ይፈጃል» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ሆኖም በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ ያለበት ምን እንደሆነ በትክክል ማየት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ ኤች ዋን ቢ ያለው ሰው የአዲሱን ማመልከቻ መጽደቅ ሳይጠብቅ፣ ማመልከቻው እንደገባ ሥራ እንዲጀምር ፈቅዷል። ስለዚህ በቀነ ገደቡ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ እጅ መድረስ ያለበት ማመልከቻው ነው፤ ውሳኔው በኋላ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አሠሪ ያላገኘም ወደ ጎብኚነት ወይም ወደ ሌላ የቆይታ ዓይነት ለመዛወር በዚያው ጊዜ ማመልከት ይችላል፤ ይህ ግን ሥራ አያሠራም። አዲሱ አሠሪ ከማመልከቻው በፊት የሠራተኛ ሚኒስቴሩን ማረጋገጫ ማግኘት ስላለበት፣ ያም ሰባት የሥራ ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ በሃምሳ አምስተኛው ቀን እሺ ያለ አሠሪ ቢፈልግም አይደርስም። ለሥራ ፈላጊው በእጁ ያሉት ቀናት አርባ ስምንት ገደማ ናቸው፤ ቃለ መጠይቁ፣ ድርድሩና የጠበቃው ወረቀት ሁሉ እነዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው።