«አንደኛ ነን» ሲሏችሁ «ማን ቆጠረ?» በሉ

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። ሁሉም «የእኔን ውሰዱ፣ አንደኛ ነው» ይላሉ። ተሳፋሪው ግን ጥቂት ቆርጠም አድርጎ ቀምሶ ነው የሚገዛው። ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ደውሎ ለልጁ ኮሌጅ መምረጡን ሲነግረኝ ይኸው ትዝ አለኝ።

ልጅቷ ማኔጅመንት መማር ትፈልጋለች። «እትዬ፣ አዲስ አበባ ያለውን መርጠናል። ከአገሪቱ አንደኛ የወጣ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ለክፍያው ሁለቱንም በሬዎቹን ሊሸጥ ነው። «አንደኛ ያለው ማን ነው?» ብለው አላወቀም። ኮሌጁ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ሽልማት ተሰጥቶናል» አለች። ማን እንደሸለማቸውና በምን እንደመዘናቸው ስጠይቃት «ኃላፊዎቹን ልጠይቅ» ብላ ዘጋች።

የደረጃን ነገር የተማርኩት በነርስነት ዘመኔ ነው። አንድ ዓመት በክትባት ከወረዳው ጤና ጣቢያዎች አንደኛ ወጥተን ተጨበጨበልን። ሪፖርታችን ከመቶ ሕፃናት 104ቱን ከትበናል ይል ነበር! የአካባቢውን ሕፃናት ቁጥር በግምት አሳንሰን ይዘን፣ ከሌላ ወረዳ የመጡትንም አብረን ቆጥረን ነው። ማናችንም እንዋሽ አላልንም፤ ደረጃው ግን እውነት አልነበረም። በዚያው ዓመት ኩፍኝ ገባና ያልተከተቡትን ልጆች አሳየን።

የዓለም የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደረጃም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእንግሊዙ ፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤምቢኤ ደረጃ ያወጣል። ትምህርት ቤቶቹ ቅጽ ይሞላሉ፤ ከተመረቁ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸውም ስለ ደመወዛቸው ይጠየቃሉ። ደመወዝ ትልቅ ክብደት ስላለው፣ ተመራቂዎቹን ትልልቅ ባንኮች የሚቀጥሩለት ትምህርት ቤት ከፍ ይላል። ኪውኤስ የተባለው ደረጃ አውጪ ደግሞ ምሁራንንና ቀጣሪዎችን «የትኛው ጥሩ ነው?» እያለ ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ ስም ያለው ስም ይጨመርለታል።

ከሁሉ የከፋው የሐሰት ቁጥር ነው። ፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት በሚሰጠው ኤምቢኤ አራት ዓመት በተከታታይ በዩኤስ ኒውስ ደረጃ አንደኛ ተባለ። 255 አዲስ ተማሪዎች ሁሉም የመግቢያ ፈተና ወስደዋል ብሎ ነበር፤ የወሰዱት 50 ብቻ ናቸው። ቁጥሩን የሰጠው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ደረጃ አውጪውም አምኖ ተቀበለው። የቀድሞው ዲን በ2022 እ.ኤ.አ. የ14 ወር እስራት ተፈረደበት። ተማሪዎቹ ግን አንደኛውን ብለው ከፍለው ነበር።

ታዲያ ወላጅ ምን ይጠይቅ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከፈቃዱ ይጀምር። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርት መስኩና በየካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ስላለው ለማኔጅመንትም አለው ማለት አይደለም። በአንዱ ካምፓስ የተሰጠውም ለሌላው አያገለግልም።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሳያልፉ በመጀመሪያ ዲግሪ መመረቅ የለም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ነበሩ። ይህም ብቻውን አይፈርድም፤ ተማሪው ሲገባ የነበረው አቅምም አለበት። ስለዚህ የኮሌጁን ጠቅላላ ውጤት ሳይሆን ልጃችሁ የሚገባበትን ክፍል ጠይቁ፦ ስንት ተፈተኑ? ስንት አለፉ? ሁለቱንም ቁጥር ካልነገሯችሁ የእኛን 104 አስታውሱ። ሦስተኛ፣ ከዚያው ክፍል የተመረቁ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልጉና አሁን የት እንደሚሠሩ፣ መምህራኑ በየቀኑ ይገቡ እንደነበር አነጋግሯቸው።

የወንድሜ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች ደብተሯ ላይ ጽፋ ከአባቷ ጋር ሦስት ኮሌጆች ዞረች። አንደኛው ፈቃዱንም የተፈታኞቹን ዝርዝርም አውጥቶ አሳያት። ምንም ሽልማት የለውም፤ ክፍያውም ቀለል ይላል። እዚያ ተመዘገበች። ወንድሜ የሸጠው አንዱን በሬ ብቻ ነው፤ በቀረው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ እያረሰ ነው። ምርጫችን ልክ መሆኑን የምናውቀው እሷ የመውጫ ፈተናዋን ስትወስድ ነው። እስከዚያ በየወሩ እየደወልኩ ስለ ትምህርቷ እጠይቃታለሁ።