የመስመር ማብቂያና የ«ግ» ዕጣ

ሦስት መስመር ያለው የዝናብ መጠን መዝገብ አለን እንበል፤ የመጀመሪያው መስመር የዳንግላ፣ ሁለተኛው የእንጅባራ፣ ሦስተኛው የሌላ ጣቢያ ነው። መዝገቡ ወደ ሰርቨር ተልኮ ሲከፈት «ዳንግላ» ከመካከሉ ጀምሮ ተበላሽቶ፣ «እንጅባራ» ግን ደኅና ሆኖ ቢገኝ፣ ብዙዎቻችን በቫይረስ እናሳብባለን። ጥፋተኛው ግን ቁጥር 13 ሊሆን ይችላል።

በቴሌፕሪንተር ዘመን መስመር ሲያልቅ ማሽኑ ሁለት ትእዛዝ ይሻ ነበር፤ አንዱ የመጻፊያውን ራስ ወደ ግራ ጠርዝ ይመልሳል፣ ሌላው ወረቀቱን አንድ መስመር ይገፋል። በአስኪ ሥርዓት የፊተኛው 13፣ የኋለኛው 10 ተባለ። ወረቀቱ ከቀረ በኋላም ዊንዶውስ ሁለቱን አስከትሎ ይጽፋል፤ ሊኑክስ በ10 ብቻ ረክቷል። ስለዚህ ፋይል የሚቀበሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች 13ን ካገኙበት ሁሉ ለቅመው ይጥሉታል። ለተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ጉዳት የለውም።

ለአማርኛስ? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ «ግ» ቁጥር 4877ን ያዘች። የቀድሞው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ይለው በነበረው ባለ ሁለት ባይት አጻጻፍ ይህ ቁጥር በ19 እና በ13 ይመዘገባል (19 × 256 + 13)። 13 ሲጣል 19 ብቻዋን ትቀራለች፤ የቀጣዩን ፊደል ግማሽ ነጥቃ ትጣመራለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥንዱን ይስታል። የዝናቡ ልክ ራሱ ይጠፋል፤ ከ4 እስከ 9 ያሉት አኃዞች የቻይና ፊደላት ሆነው ይነበባሉ! በመስመሩ መጨረሻ ሌላ 13 ስለሚጣል ጥንዱ ተመልሶ ይገጥማል። «እንጅባራ» ውስጥ 13 የለም፤ ሆኖም ከመስመርዋ ማብቂያ አንድ ባይት ስለሚጎድል ሦስተኛው መስመር ይናጋል።

«ል»ም (18 እና 13) ዕጣዋ ይኸው ነው። ከ10 በፊት 13 የሚጨምር ፕሮግራም ደግሞ «ሊ»ንና «ጊ»ን ያፈርሳል። በአውኛ የተጻፈም አያመልጥም፤ ፊደሉ አንድ ነውና።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በዩቲኤፍ-8 «ግ» 225፣ 140፣ 141 ናት፤ የፊደላችን ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ ከ10ም ከ13ም ጋር አይምታቱም። ፎቶግራፍን ግን ይህ አያድነውም፤ በኤፍቲፒ ሲላክ «ጽሑፍ» ሳይሆን «ባይነሪ» የሚለው መመረጥ አለበት። የፒኤንጂ ሥዕል ቀማሪዎች ይህን አደጋ አስቀድመው ስላሰቡ፣ ከፋይሉ የመጀመሪያ 8 ባይቶች መካከል 13ንና 10ን ሆን ብለው አስገብተዋል፤ አንዱ ከተነካ ሥዕሉ ገና ሳይከፈት ብልሽቱ ይታወቃል።