ቤንች ላይ ኪሎው ለምን ቀጥ ይላል?

ጂም የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት አይረሳቸውም። ባዶውን ባር፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ እየተንቀጠቀጠ ይገፋ የነበረ ልጅ ትንሽ ቆይቶ 40 ሲገፋ ራሱን ማመን ያቅተዋል። ከዚያ አራተኛው አምስተኛው ወር ይመጣና ኪሎው ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ወይ ደግሞ "ቶሎ የሚያሳድግ ነገር የለም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ የምናየው ጉልበት በአብዛኛው ከጡንቻ ማደግ የመጣ አይደለም። የነርቭ ሥርዓታችን ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ እየተማረ ነው። ብስክሌት መልመድ በሉት፤ እግራችሁ ሳይወፍር መንዳት ቻላችሁ አይደል? ይሄ ትምህርት ፈጣን ነው። ጡንቻው ራሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው፤ በዓይን የሚታይ ለውጥ ወራት ይፈልጋል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 40 ኪሎ የሚገፋ ሰው በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ ልጨምር ቢል በዓመት 130 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። በሁለት ዓመት ተኩል 365 ይደርሳል። አሜሪካዊው ጁሊየስ ማዶክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ክብረ ወሰን ሲሰብር የገፋው 355 ኪሎ ነው! ስለዚህ ኪሎው መቀዝቀዙ የግድ ነው፣ ስንፍና አይደለም። ከዓመት በላይ ለሠራ ሰው በወር አንድ ኪሎ መጨመር ራሱ ጥሩ ነው።

ከቲክቶክ ጋር መፎካከሩ ደግሞ የባሰ ነው። ያ ደረቱን የሚያሳያችሁ ሰው ምን እንደሚወስድ አታውቁም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት ነበር። ለ10 ሳምንት የተወሰኑ ወንዶች በየሳምንቱ 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ተወጉ፣ ሌሎቹ ባዶ መርፌ። ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው ሲለካ፣ ባዶውን ተወግተው ክብደት ያነሱት 2 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ሆርሞኑን ወስደው ምንም ስፖርት ያልሠሩት 3 ኪሎ ገደማ! ሁለቱንም ያደረጉት 6 ኪሎ። ቁጭ ብሎ የዋለው ላቡን ካፈሰሰው በለጠ ማለት እኮ ነው።

ይሄ ለመርፌው ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ። ያለ ሐኪም የሚወሰድ ስቴሮይድ ልብን ይጎዳል፣ የደም ቅባትን ያዛባል፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ያቆምና የዘር ፍሬ ይሟሽሻል። ልጅ መውለድ የተቸገሩም አሉ።

ከጓደኛ ጋር ማወዳደርም ቢሆን ያሳስታል። የገመድ ማሽን ላይ የተጻፈው 50፣ እንደ ፑሊው አሠራር ሌላ ጂም ውስጥ ካለው 50 ሊከብድ ወይም ሊቀል ይችላል። ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው የሠሩትን የሰፈር ክብደትማ ማን መዝኖት ያውቃል? የራሳችሁ ሚዛንም ቢሆን በውሃ፣ በጨውና በምግብ ብቻ ከቀን ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ይዋዥቃል። ጠዋት ጠዋት መዝናችሁ የሳምንቱን አማካይ ያዙ።

ጾም ወይም ረመዳን ላይ፣ ወይ ታማችሁ ስታርፉ፣ ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። አትደንግጡ። አንዴ የተገነባ ጉልበት ሲመለስ መጀመሪያ ከመጣበት በቶሎ ነው የሚመለሰው። ስትመለሱ ግን ካቆማችሁበት ኪሎ ሳይሆን ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ኪሎ፣ ድግግሞሽ፣ በቃ። የዛሬውን ከትናንት ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩት። ያኔ 50 ኪሎን ስድስት ጊዜ ገፍታችሁ ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ከገፋችሁ፣ ኪሎው ባይቀየርም ጉልበታችሁ ጨምሯል። ጉልበታችሁ ያለ ምክንያት ለሳምንታት እየቀነሰ፣ ክብደታችሁም አብሮ እየወረደ ከሆነ ግን አሠልጣኙን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።